ጭራቃችሁን ከጎረቤት አትውሰዱ

ሄርማታ ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የጀበና ቡና ቤት አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ጥጓን ይዘን በርጩማ ስበን እንቀመጥና ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸውን ጥቅል ወረቀቶች ባዶ ሲኒ ውስጥ እንጨምራለን። ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ አላቸው፤ እኛ ሲኒ አለን። የቤቱ ባለቤት እትዬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ዕቁብ የምንጥል መስሏቸው «ዛሬስ ለማን ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ዕቁብ አለመሆኑን ሲረዱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ሙት ማስነሳት… ይህን ሁሉ ከእኛው አፍ ሰምተዋላ!

ለማያውቁት ባጭሩ እንንገር። የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ማለት አንዱ አጫዋች ይሆንና ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን እሰብራለሁ»፣ «እኔ ዘበኛውን አግባባዋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዕጣው ይወስናል። ልጆች ሳለን ዕቃቃ ስንጫወት አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ደግሞ (እያለቀሰም ቢሆን) ልጅ ይሆን እንደነበረው ማለት ነው። ልዩነቱ ይሄኛው የሕግ መጽሐፍ አለው። የመጀመሪያው ለገበያ የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። መሠረታዊ ሕጉ በ2023 መጀመሪያ ላይ ለማንም በነጻ ስለተለቀቀ እኛም ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አሳተምነውና በስቴፕለር አያያዝነው።

እትዬ አንድ ቀን ረከቦቱን እያነሱ «ልጆች፣ በዚህ ነገር ሰይጣን ነው የምትጠሩት የሚሉ አሉ» አሉን። አልፈረድንባቸውም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በ1980ዎቹ የተማሩ የተባሉ ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ጨዋታው ወጣቱን ለሰይጣን ያስገብራል፣ ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፋል ሲሉ ኖረዋል። አሳታሚው ኩባንያ ሰግቶ በ1989 ባወጣው ሁለተኛ ዕትም ላይ አጋንንትና ዲያብሎስ የሚሉትን ቃላት ከመጽሐፉ አስወጣ። ጭራቆቹ ትንሽ ቆይተው ስም ቀይረው ተመለሱ። ሰይጣን ግን ያኔም አልመጣ፣ ዛሬም አልመጣ። ይህን ክርክር እዚሁ ዘግተን እንለፍ፤ የዛሬው ጠባችን ከሰይጣን ፈሪዎች ጋር አይደለም።

ጠባችን ከገዛ ወገናችን ጋር ነው።

«ኤልፍ ምን ያደርግልናል? ድራጎን ምን ያደርግልናል? የራሳችን ጭራቅ፣ የራሳችን ዛር፣ የራሳችን ቡዳ እያለልን!» የሚል መፈክር አለ። ጨዋታ የሚሠሩት፣ ኮሚክስ የሚሥሉት፣ አጭር ልቦለድ የሚጽፉት እኩዮቻችን ሁሉ ያነሱታል። እኛም ከማንም በላይ ጮኸን አንስተነዋል። የመፈክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ይጎዳል፤ ጎድተን አይተነዋል።

መጀመሪያ እውነተኛውን ግማሽ። ጅማ ተቀምጦ የእንግሊዝ ግንብ ማለም ያሳፍራል። ቀና ብለን ብናይ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ ምድር አምስት መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ ኢናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። በመንግሥታቱ መካከል «ሞጋ» የሚባል፣ ማንም የማያርሰውና ማንም የማይሰፍርበት የድንበር ጠፍ መሬት ተዘርግቶ ነበር፤ ማለፍ የሚቻለው በኬላ በኩል ብቻ ነው። ነገሥታቱ የሚጠሩት በጦር ፈረሳቸው ስም ነው፤ አባ ጅፋር ማለት የጅፋር አባት፣ ጅፋር ደግሞ ፈረሱ። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ (ባሪያውም፣ ይህን መደበቅ አንችልም) በዚሁ በሄርማታ ገበያ ነበር የሚያልፈው። እስቲ ንገሩን፣ ከዚህ የተሻለ የጨዋታ ካርታ የት ይገኛል?

ይህን ካርታ ወረቀት ላይ ሣልነው። ከዚያም ሕግ ጨመርንበት። እንቆቅልህ ስንባባል ያልመለሰ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል የለ? በኦሮምኛም ሂቦ ሲጫወቱ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። አስቡት፤ አያቶቻችን ዳር እሳት ተቀምጠው ከተማ ሲሰጣጡና ሲነጣጠቁ ያመሹ ነበር። እኛም ኬላ ላይ የቆመ ጠባቂ እንቆቅልሽ እንዲጠይቅ፣ መንገደኛው ካልመለሰ ከካርታው አንድ ከተማ እንዲያስረክብ ወሰንን። አንድ ቅዳሜ አጋሮን የሚያህል አገር በአንዲት የእንቁላል እንቆቅልሽ ተነጠቅን። እትዬ ራሳቸው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ መልሱን ያውቁት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አልነካንም። ከዚያ «ፋንታሲው የታለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። አስማቱ፣ ጭራቁ፣ ሌሊት የሚፈራው ነገር ማለት ነው። አንዱ ጓደኛችን ዝግጁ ነበር። የፈረንጁ መጽሐፍ ውስጥ ኖል የሚባሉ የጅብ ራስ ያላቸው ሰው መሰል ፍጥረቶች አሉ፤ «እነዚህን አውጥተን ቡዳን እናስገባ» አለ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ከሰፈሩ ዳር የሚኖር፤ ዓይኑ የሚበላ። ሲወለድ ጀምሮ ቡዳ፣ ልጁም ቡዳ። ሕይወቱ ይህን ያህል ነጥብ፣ ጥርሱ ይህን ያህል ጉዳት፣ ለገደለው ይህን ያህል ሽልማት። አጨበጨብን። እንዴት «የራሳችን» ሆነ!

ከመካከላችን አንዷ አላጨበጨበችም። የያዘችው ገጸ ባሕርይ የሊሙ ኬላ ጠባቂ ነበረች፤ ከሁላችን የተሻሉት እንቆቅልሾችም የእሷ ናቸው። ያን ቀን ዕጣ ስታወጣ ዝም አለች፤ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሣች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መሐላችን የነበረው ጀበና የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

አሁን «ኧረ ምናብ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» ለሚሉን ወገኖቻችን መልስ እንስጥ። አሉ፤ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ እንደሚሉት እናውቃለን።

ምናብማ ነው። ግን ምናብ ሥራ አለው። በጨዋታ ታሪክ ውስጥ ፋንታሲ ጎራዴና ድራጎን ባለበት ብቻ ተወስኖ አያውቅም፤ በሁሉም ዘውግ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። በ1977 የወጣው ትራቨለር የጠፈር ንግድና የጠፈር መርከብ ጨዋታ ነው፤ በአእምሮ ኃይል ሐሳብ የሚያነብብ ሰው ግን አለበት። ዴድላንድስ (1996) የካውቦይ ጨዋታ ነው፤ ሙታን ከመቃብር ይነሱበታል። እዚህ ድረስ ቅመም ነው፣ ችግር የለብንም። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ፋንታሲ ሌላ ሥራ ሲሰጠው ነው፦ ማንን ያለ ጸጸት መግደል እንደሚቻል መንገር። ተጫዋች ሰው ሲገድል ይከብደዋል፤ ዳኛና ዘመድ አለ፣ ደም መመለስ አለ። እናም መጽሐፉ «ይሄኛው በተፈጥሮው ክፉ ነው» ብሎ ይገላግለዋል። ኦርኩ ለዚህ ሥራ ነው የተቀጠረው። ኖሉም ለዚሁ።

ይህ ሥራ ደግሞ ከወረቀት ወርዶ እውነተኛ ሰው ላይ ማረፍ ይወዳል። በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱልሁ የተመሠረተበትን የላቭክራፍትን የ1928 ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ጭራቁን የሚያመልኩት እነማን ተደርገው እንደተሣሉ ያውቃል፤ ጥቁሮችና «ደማቸው የተደባለቀ» ድሆች ናቸው። በ1991 የወጣው ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ የሚባለው ጨዋታ ሮማዎችን (አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የተገፉትን ሕዝቦች) የሌባና የአታላይ ቫምፓየር ጎሳ አደረጋቸው። በ1994 ደግሞ ያው አሳታሚ ስለ ሮማዎች ብቻ አንድ መጽሐፍ አውጥቶ አስማታቸውን ከደማቸው ንጽሕና ጋር አገናኘው። ልብ በሉ፣ ኤልፍ አይደሉም። የሚኖሩ፣ መታወቂያ የሚጠየቁ፣ ቤት አናከራይም የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊዎቹም «ምናብ ነው» ብለው ነበር የሚጽፉት።

እኛስ ብንሆን ከመጽሐፉ መች ቀረን? የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ «ኢትዮጵያ» እንስሳት ሲጽፍ (ለነሱ ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በታች ያለው ጥቁር ሰው የሚኖርበት አገር ሁሉ ነው) ሌውክሮኮታ የሚባል አውሬ አለ ብሏል፦ የአህያ ቁመት፣ የአንበሳ ደረት፣ በጥርስ ፋንታ አንድ ወጥ አጥንት፣ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚጮህ። ይህ አውሬ ተጉዞ ተጉዞ በ1977 የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በዚያው መጽሐፍ ኖሎቹም የጅብ መልክ ያዙ። ይህን ስናነብ ተናደድን። «የኛን አገር የጭራቅ መፈልፈያ አደረጉት!» ብለን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተሳደብን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፕሊኒ እኛን ያደረገንን በሸክላ ሠሪዋ ልጅ ላይ አደረግነው።

ቡዳ እንደ ድራጎን አይደለም። ድራጎን ነህ ተብሎ ሠርግ ላይ ሳይጠራ የቀረ ሰው የለም። ቡዳ ግን አድራሻ አለው። ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤሎች ብረት ስለቀጠቀጡና ሸክላ ስለሠሩ ቡዳ ተብለዋል። በየአገሩ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪው ማረሻውንና ምጣዱን እየሠራ፣ ልጁን የሚያገባለት ግን አጥቶ ኖሯል። ከዚህ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትወርዱ ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን በሚበሉት የዱር እንስሳ ሰበብ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ቤት እንዳይገቡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ አላረጀም፤ እንዲያውም እኛ ነጥብና ጥርስ ሰጥተን ልናድሰው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ታዝበናል፤ ለብቻው የሚያስቅ ነው። ፈረንጁ ፋንታሲ ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ ድዋርፍ የተከበረ ነው። መዶሻው ቅዱስ፣ የሠራው ጎራዴ ስም ያለው፣ ነገሥታት ደጅ የሚጠኑት። ከውጭ በመጣው ጨዋታ ቀጥቃጩን ጀግና አድርገን ስንጫወት ኖርንና «የራሳችን» ብለን ስንሠራ ጅብ አደረግነው። ታዲያ የቱ ነው ባዕድ?

«ይህ ሁሉ አሜሪካ ያመጣው አጉል ጥንቃቄ ነው» የሚልም አለ። እሺ፣ አሜሪካኖቹ ያደረጉትን እንይ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሳታሚ በ2020 ኦርኮችንና ድራዎችን በተፈጥሮ ክፉ አድርጎ ማቅረብ ስህተት እንደነበር አመነ፤ በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ኦርክ እንደ ማንኛውም ሰው ተጫዋች የሚመርጠው ወገን ሆነ፤ «ዘር» የሚለው ቃልም ተለወጠ። ጥሩ። በ2025 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ግን ኖሎቹን ምን አደረጋቸው? ከነጭራሹ ከአጋንንት ወገን መደባቸው። ኦርኩ ምሕረት አገኘ፤ ጅቡ ሲኦል ወረደ። ስለዚህ የአሜሪካን ጥንቃቄ ቀድተናል የሚለን ሰው ተሳስቷል። እነሱ የጅብ ሰው ማለት ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ማለት የሆነበት አገር አይኖሩም፤ ስለዚህ ይህ ነገር አያሳስባቸው ይሆናል። እኛ ግን እዚሁ ነን።

ደግሞ ለሌላ ዓይነት ፋንታሲ ምሳሌ ጠፍቶ አይደለም። ሻዶውረን የሚባል በ1989 የወጣ ጨዋታ አለ፤ የወደፊት ዘመን፣ ኮምፒውተርና ግዙፍ ኩባንያዎች የሞሉበት። እዚያ ዓለም ውስጥ ኦርክ ከሌላ ምድር የመጣ ጠላት አይደለም። ትናንት ሰው የነበረ ጎረቤት ነው፤ ድንገት ሰውነቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበት መገፋት የጨዋታው ታሪክ አንድ ክፍል ነው። እዚህ አስማቱ ጠላት አላመረተም፤ የሚፈረድበትን ሰው ከውስጥ እንድናይ አደረገን። ጨዋታው ብዙ ጉድለት አለው (ሕጉን አንብቦ ለመጨረስ ራሱ አስማት ያስፈልጋል)፣ ይህን ግን አውቆበታል።

እናም ቡዳውን ከጭራቆች ዝርዝር አወጣነው። ከጨዋታው ግን አላወጣነውም፤ ማውጣትም ውሸት ነው፣ በጊቤ አገር ቡዳ ተብሎ የተፈራ ሰው አልነበረም እንደማለት። አሁን ቡዳ ፍጥረት አይደለም፣ ወሬ ነው። ከብት ሲሞት ወይም ሕፃን ሲታመም አጫዋቹ ከሲኒው ዕጣ ያወጣል፤ የወጣበት ተጫዋች በዚያ ሌሊት «ቡዳ ነው» ይባላል። ምንም አላደረገም። የሰውነት ነጥብ አይቀነስበትም፤ የሚቀነሰው ስሙ ነው። ስሙ ሲያልቅ ገበያ ላይ ማንም አይሸጥለትም፣ ኬላ ላይ እንቆቅልሽ እንኳ አይጠየቅም፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። መካድ ይችላል፣ መሸሽ ይችላል፣ ወይም ጣቱን ወደ ሌላ ሰው ይቀስራል። ሌሊት የሚጮኸው ጅብ ጅብ ነው፤ አንዳንዴ የሰው ድምፅ የሚመስለው ለምን እንደሆነ አጫዋቹም አያውቅም።

ፋንታሲውም አልጠፋም፤ እንዲያውም ቦታ አገኘ። ሞጋውን ያለ ኬላ ያቋረጠ ሰው ስሙን ይረሳል፤ ስሙን የሚያስታውስለት ፈረሱ ብቻ ነው። ይህን የፈጠርነው እኛ ነን፤ ከማንም ሰፈር አልወሰድነውም፣ ማንም በሱ ምክንያት ሠርግ አይቀርበትም። አንዱ ልጅ ቃሉን የአስማት ኃይል ያለው ገጸ ባሕርይ እናድርገው ሲል እንቢ አልን፤ ሰዎች ዛሬም የሚያምኑበትና ችግራቸውን ይዘው የሚሄዱበት ነገር የኛ ነጥብ ማግኛ አይሆንም። «ምን ቀረላችሁ ታዲያ?» አለን። አንድ ሙሉ ጫካ ቀርቶልናል።

በአዲሱ ሕግ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ወሬው ከመካከላችን በአንዱ ላይ ወጣ፤ ቀጥቃጭ ነበር የያዘው። አራታችን ተያየን። ዳኛው ፊት ስንቀርብ፣ ማንም ሳያስገድደን፣ አንድ በአንድ «አዎ፣ እኛም ጠርጥረነው ነበር» አልን። ስማችንን ለማዳን አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ «እሺ» አለና ወደ ሞጋው ገባ። እትዬ ሲኒ እያነሱ ነበር፤ ሰምተው ቆሙ። «ይሄማ ጨዋታ አይደለም» አሉ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ለጓደኛችን ይቅርታ ጽፈንላታል። «ችግር የለም» ብላ መለሰች፤ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወረቀቷ ከካርታው ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ እትዬ ዘንድ ተቀምጧል። የኬላ ጠባቂዋ አሁንም ሊሙ በር ላይ ናት፤ በዚያ በኩል ማለፍ ስንፈልግ ዞረን በጎማ እንሄዳለን።